ቁጠባው ከማደሪያችሁ አይጀምር

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ትልልቅ ዋና ከተሞችን በተማሪ አቅም ስለመጎብኘት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ምክሩ በሙሉ ስለ ርካሽ ነው። ርካሽ በረራ፣ ርካሽ አልጋ፣ ርካሽ ምግብ። ርካሹ በረራ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የሚያርፍ ከሆነ፣ ርካሹ አልጋ ደግሞ ከከተማው ጫፍ ከሆነ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች የምትወጣው የ19 ዓመት ልጅ እዚያ በምን ትደርሳለች? ስለ እሱ አንድም መስመር የለም።

ተማሪ ይቆጥብ፣ መቆጠብም አለበት። ከማደሪያውና ከማታ ትራንስፖርቱ ላይ ግን አይቆጥብ። ሰው በማያውቀው ከተማ አደጋ ላይ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ደክሞት፣ መሽቶበትና የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያን ሰዓት የተረፈችው ገንዘብ ምንም አታደርግለትም።

ለተማሪዎቹ በቀጥታ ልናገር። ትኬት ስትቆርጡ ከዋጋው በፊት የምትደርሱበትን ሰዓት እዩ። በቀን የሚገባው ትንሽ ቢወደድም እሱን ውሰዱ፤ ልዩነቱን ለሌሊት ታክሲ መክፈላችሁ አይቀርም። ማታ መግባት ግድ ከሆነ የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ባቡር ጣቢያው አጠገብ እደሩና በነጋታው ወደ ርካሹ ሂዱ። ኤርፖርት በር ላይ ጠጋ ብሎ "ታክሲ ልውሰዳችሁ" የሚል ሰው ተከትላችሁ አትግቡ። ለምሳሌ ለንደን ውስጥ ከመንገድ ላይ አስቁሞ መሳፈር የሚቻለው ጥቁሮቹን ታክሲዎች ነው፤ ሌሎቹ መኪኖች አስቀድመው መያዝ አለባቸው፣ ሳይጠሩ መጥተው የሚጭኑት ከሕግ ውጭ ነው።

ሆስቴልን፣ ማለትም እንግዶች ክፍል ተጋርተው የሚያድሩበትን ርካሽ ማደሪያ፣ የሚፈሩ ወላጆች ብዙ ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። ግን ሆስቴል ገና ከጅምሩ ለተማሪ የታሰበ ነገር ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ዝናብ ያዛቸውና በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተጠለሉ፤ ሐሳቡ የመጣለት ያን ሌሊት ነው። ዋናው ነገር አመራረጡ ነው። ሪሴፕሽን ሌሊቱን ሙሉ ሰው አለው? በየአልጋው ሎከር (የሚቆለፍ የዕቃ ሣጥን) አለ? ሴት ከሆናችሁና ብቻችሁን ከሆናችሁ የሴቶች ብቻ ክፍል አለ? አስተያየቶቹን ስታነቡ "ቆንጆ ነው፣ ወደድነው" የሚሉትን እለፏቸው። የቅርብ ጊዜዎቹንና ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን ፈልጉ፤ በሩ አይቆለፍም ወይም መንገዱ ማታ ያስፈራል የሚል ሰው ደጋግሞ ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ። ጓጉንቸር ከቤታችሁ ያዙ፣ ብዙ ቦታ ሎከሩ አለ ቁልፉ ግን የለም። የአገሩ ሕግ ይዛችሁ እንድትዞሩ ካላስገደደ ፓስፖርቱ እዚያው ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ኮፒው እናንተ ጋ ይሁን።

ቀን ላይ ዋናው ስጋት ሌባ ነው። ለንደን ውስጥ ስልክ የሚነጥቁት በብስክሌትና በሞተር እየበረሩ ነው፤ እግረኛ መንገዱ ዳር ቆሞ ካርታ የሚያይ ሰው ይመቻቸዋል። ካርታ ማየት ካስፈለጋችሁ ወደ አንድ ሱቅ ገባ በሉ፣ ወይም ግድግዳ ተደግፋችሁ እዩ። ፓሪስ ደግሞ ሴን ወንዝ ዳር አንዱ ከፊታችሁ ጎንበስ ይልና ቀለበት ያነሳል። "የናንተ ነው?" ይላል። አይደለም ስትሉ ወርቅ ነው ብሎ በእጃችሁ ያስይዛችኋል። ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ይመለስና ገንዘብ ይጠይቃል። ቀለበቱ ተራ ብረት ነው። መልስ መስጠት አያስፈልግም፣ ሳይቆሙ ማለፍ ነው። ይሉኝታ የሚያጠቃን ሰዎች እዚህ ላይ ነው የምንያዘው፤ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር የሚመስለን አለን፣ አይደለም።

ታዲያ ቁጠባው ከየት ይምጣ? ከሙዚየም። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም እና ናሽናል ጋለሪ ቋሚ ስብስባቸውን በነፃ ያሳያሉ፣ ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችም እንዲሁ። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ከ26 ዓመት በታች ለሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪዎች ነፃ ነው፤ ነዋሪ ነው የሚለው፣ ስለዚህ እዚያ የምትማሩ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የበርሊኑ ፓርላማ ጉልላትም በነፃ ይጎበኛል፣ አስቀድሞ ኦንላይን መመዝገብ ብቻ ነው። ሮም በየመንገዱ የሚጠጣ ውኃ የሚያፈሱ ቧንቧዎች አሏት፣ ጠርሙስ ይዞ መሙላት ነው። ለንደን አውቶቡስ ከተሳፈራችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትይዙ ድጋሚ አትከፍሉም፣ በአንዱ ካርድ እስከከፈላችሁ ድረስ። አውቶቡሶቹ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ያቆሙት በ2014 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በሳንቲም ልሳፈር ብላችሁ እንዳትቆሙ። እነዚህን ነገሮች የተጠቀመ ተማሪ ጣቢያ አጠገብ ላለ ደህና አልጋ የሚከፍለው አያጣም።

አዘጋጁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የርካሽ ማደሪያ ዝርዝር ስታወጡ ከዋጋው ጎን ሁለት ነገር ጨምሩልን፦ ከጣቢያ እስከ በሩ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ፣ የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ። የአገሩን የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥርም ብትጽፉት ጥሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 ነው፣ ጥሪውም ነፃ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ