የፒዛ ዋጋ ስሌት፦ ማክሰኞ ደሴ እንገናኝ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ፒዛ ቤት ባለቤቶች። ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፒያሳ እኛ ቤት ተገናኝተን የፒዛ ወጪና መሸጫ ዋጋ አብረን እንሠራለን። የጎረቤት ሜኑ አይቶ ዋጋ መለጠፍ ያከስራል።

የዱቄት፣ የቺዝ፣ የዘይትና የቲማቲም ደረሰኝ፣ ሜኑና ሚዛን ይዛችሁ ኑ። ሚዛኑ እንዳይረሳ! ቺዝ በእፍኝ ሲበተን በአንድ ፒዛ 30 ግራም ብቻ ቢያልፍ፣ በ100 ፒዛ 3 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። ካርቶኑም ወጪ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ፒዛ ግብዓት 180 ብር ቢፈጅና ከመሸጫው 30 በመቶ እንዲሆን ብትፈልጉ፣ 180ን ለ0.3 አካፍሉ፤ 600 ብር ይመጣል። ቀሪው ለኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለመብራትና ለትርፍ ነው። ቫት ከዚህ በላይ ይታሰባል። የጾም ፒዛ ቺዝ ስለሌለው ለብቻው እናሰላዋለን።

የምትመጡ እስከ እሁድ ማታ እዚሁ ግሩፑ ላይ አሳውቁን።