ክላክስ ከመቀየሩ በፊት ሽቦው ይታይ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ የድምፅ ብክለት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ጭፈራ ቤቶች፣ የግንባታ ሥራዎችና በየመንገዱ ሙዚቃ የሚያስጮሁ ሱቆች በሰፊው ሲነሡ የመኪና ክላክስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ታልፏል። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ፋብሪካው የገጠመውን ክላክስ አውልቆ የበለጠ የሚጮህ መግጠም ከጋራዥ ወጥቶ በየግቢው የሚሠራ ሥራ ሲሆን በቅርብ እያየሁ ነው። ሥራው በራሱ ነውር የለበትም፤ መፍቻ መያዝ የሚችልና የማይቸኩል ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል። እኔ የምቃወመው የጭነት መኪና የአየር ክላክስ በትንንሽ መኪኖች ላይ መጫኑን፣ እንዲሁም የትኛውም ዓይነት ክላክስ ቢሆን ያለ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ) እና ያለ ተገቢ ፊውዝ (ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ተቃጥሎ መስመሩን የሚያቋርጥ) ከሽቦው ጋር መቀጠሉን ነው።

በመጀመሪያ ለባለመኪኖቹ ልከራከርላቸው። ቪትዝን በመሳሰሉ ትንንሽ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ነጠላ ክላክስ ነው። መስኮቱን ዘግቶ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ በቀለበት መንገድ የሚነዳ የሲኖትራክ ሹፌር ይህን ድምፅ ላይሰማው ይችላል። በዚህ ምክንያት የተሻለ ክላክስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ጎረቤት ለመረበሽ የተነሣ አድርጎ መቁጠር አግባብ አይደለም። ነገር ግን ደንበኛ «ክላክሴ ደከመብኝ» ብሎ ሲመጣ የደከመው ብዙ ጊዜ ክላክሱ ሳይሆን መስመሩ ሆኖ ይገኛል።

ኮፈኑን ከፍተን ከፊት ፍርግርጉ ኋላ ብንመለከት የእጅ መዳፍ የሚያህል ክብ ነገር በአንድ ብሎን ታስሮ እናገኛለን። በብዙዎቹ መኪኖች ወደ እርሱ የሚገባው ሽቦ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ኔጌቲቩን የሚያገኘው ከታሰረበት ብረት ነው። የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ ያንን ብረት ሲያዝጉት ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል፣ ድምፁም እንደታመመ ሰው ድምፅ ይሰልላል። ብሎኑን ፈትቶ፣ የሚነካካውን ብረት ነጭ እስኪሆን ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ ማሰር ብቻውን የሞተ የመሰለውን ክላክስ ሲያስነሣው ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚህ ቀጥሎ ቮልት የሚለካውን ቴስተር ማውጣት ነው። አንድ ሰው መሪው ላይ ያለውን ክላክስ ተጭኖ ሲይዝ ባትሪው ላይ 12 ቮልት ተገኝቶ ክላክሱ ጫፍ ላይ 9 ቮልት ብቻ ከተነበበ የጎደለው 3 ቮልት በመንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ አዲስ ክላክስ ቢገዛም እንደዚያው ይሰልላል። በአንዳንዶቹ ክላክሶች ጀርባ ላይ ትንሽ የማስተካከያ ብሎን ትኖራለች። እርሷን ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን እያንቀሳቀሱ ማዳመጥ በውስጥ የምትነካካውን ኮንታክት ስለሚያስተካክል ጥርት ያለውን ድምፅ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካ ያን ጊዜ መግዛት ይቻላል።

ለግዢ ብዙዎቻችን የምንሄደው ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ሻጩን ከዋጋው በፊት መጠየቅ የሚገባው ስንት ቮልት እንደሆነና ስንት አምፔር እንደሚስብ ነው። ለከባድ መኪና የተሠራ 24 ቮልት ክላክስ በ12 ቮልት መኪና ላይ ቢገጠም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ 12 ቮልቱ በ24 ላይ ቢገጠም ደግሞ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል። ለቤት መኪና የሚበቃው ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ያላቸው፣ አንዱ ወደ 400፣ ሌላው ወደ 500 ኸርዝ የሚጠጋ ጥንድ ክላክስ ነው። ሁለቱ ድምፆች አብረው ሲወጡ አንዱ ብቻውን ከሚሰማው በላይ ከትራፊኩ ጫጫታ ተለይተው ይሰማሉ፤ ፋብሪካዎችም ውድ በሆኑት ሞዴሎቻቸው ላይ ጥንድ የሚገጥሙት ለዚሁ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሲቀጠል ነው። እንዲህ ያለው ክላክስ እያንዳንዱ 5 አምፔር አካባቢ ስለሚስብ ጥንዱ 10 አምፔር ይደርሳል፣ በኮምፕሬሰር የሚሠራው የአየር ክላክስ ደግሞ ብቻውን እስከ 20 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። የፋብሪካው መስመር ግን በብዙ መኪኖች ላይ ለአንድ ክላክስ ታስቦ በ10 አምፔር ፊውዝ የተጠበቀ ነው። አዲሱ ክላክስ በአሮጌው ሽቦ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ መቃጠሉም ትክክለኛ ሥራው ነው። ባለመኪናው ግን ፊውዙ የረበሸው ይመስለውና 30 አምፔር ይሰካበታል፣ ሲብስም የመዳብ ሽቦ ወይም ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ያስገባበታል። ከዚያ በኋላ መቃጠል የሚቀረው ሽቦው ራሱ ነው። እንዲህ ተቀጥሎ የመጣ አንድ መኪና ላይ የክላክሱ ሽቦ ልባሱ ቀልጦ ከፊት መብራቱ ሽቦ ጋር ተጣብቆ አግኝቼ፣ ሁለቱን በምላጭ እየለየሁ ሳወጣቸው ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ መብራቱ ለምን በራሱ ጊዜ እንደሚበራ ይጠይቀኝ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። ከሥራው በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ባለ አራት እግር ሪሌ ተገዝቶ፣ በፊት ወደ ክላክሱ ይሄድ የነበረው ሽቦ 86 የሚል ቁጥር ባለበት እግር ላይ ይገባል፣ 85 ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ አዲስ ሽቦ በፊውዝ አልፎ 30 ላይ ይታሰራል፣ ከ87 የሚወጣው ደግሞ ወደ አዲሶቹ ክላክሶች ይደርሳል። ለጥንዱ ክላክስ 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃል፤ የሚቀመጠውም ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ከፊውዙ በፊት ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ነገር የለም። በዚህ አሠራር አሮጌው መስመር ሪሌውን ብቻ ስለሚቀሰቅስ የሚሸከመው ከ0.2 አምፔር ያነሰ ነው። የክላክሱ አፍ ወደ ታች ዘንበል ማለት አለበት፤ ወደ ላይ የዞረ ክላክስ የመጀመሪያውን የሐምሌ ዝናብ ጠጥቶ ዝም ይላል። መሪውን ግን ማንም በቤቱ እንዳይፈታ አደራ እላለሁ። ከክላክሱ ቁልፍ ጋር የኤርባጉ ሽቦ ስላለ፣ በአጋጣሚ ቢፈነዳ ፊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ወደ አየር ክላክሱ ልመለስ። ብዙ የዓለም መኪና አምራቾች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 28 ለአውቶሞቢል የሚሠራ ክላክስ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ ድምፁ ከ105 እስከ 118 ዴሲቤል እንዲሆን ይወስናል፣ ድምፁም ወጥ ሆኖ የማይለዋወጥ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዜማ የሚጮሁት ከመነሻው ከደንቡ ውጪ ናቸው። ገበያ ላይ ግን ካርቶናቸው 150 ዴሲቤል የሚል የታተመባቸው ይሸጣሉ። ቁጥሩን እኔ አላምነውም፤ ገዢው ግን አምኖት ይገዛል። በሌላ በኩል በአገራችን መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፣ በ2 ሜትር 118 የሆነው በ16 ሜትር ላይ ገና 100 ነው። ደንቡን የሚያከብረው ክላክስ ይህን ያህል ከጮኸ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጥር ሥር በሌሊት የሚጮኸውን የአየር ክላክስ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ከጩኸቱ በላይ የሚያሳስበኝ ማሳሳቱ ነው። እግረኛ በድምፁ ብቻ የሚመጣውን መኪና መጠንና ርቀት ይገምታል። የሲኖትራክ ድምፅ የሰማ ሰው ዐይኑ የሚፈልገው ሲኖትራክ ነው፤ ከአጠገቡ የደረሰችው ቪትዝ ወይም ባጃጅ አትታየውም። ደንግጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሌላ መኪና መስመር ውስጥ የሚገባም አለ። አዳኝ ተብሎ የተገጠመው ክላክስ እንዲህ ሆኖ አደጋ ይጠራል።

ሕግ የለም ሊባል አይችልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መመዘኛ እንዲወጣ ከደነገገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው «ይለካ» የሚል ሰው ነው። የደንበኞችን መኪና ይዤ ለዓመታዊ ምርመራ በሄድኩባቸው ጊዜያት መርማሪው ክላክሱን አንድ ጊዜ ተጭኖ መጮኹን ሲሰማ ምልክት አድርጎ ያልፋል። እጅግ የጮኸው መኪናም እንዲያውም ያለ ጥርጥር ያልፋል። ድምፅ መለኪያ መሣሪያ ከፍሬን መፈተሻው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፤ ኮፈን ከፍቶ የክላክሱ ሽቦ ፊውዝ እንዳለው ማየትም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ቦሎ ለመስጠት እነዚህ ሁለት ነገሮች ቢጨመሩ ሶማሌ ተራ ያለው ሻጭም የሚያስመጣውን ዕቃ ሳይወድ በግዱ ያስተካክላል የሚል እምነት አለኝ።

ጉዳዩ ወደፊት የሚቀል አይመስለኝም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፣ በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው ስለማይሰማም ባለቤቶቻቸው ጠንካራ ክላክስ እየፈለጉ ወደ እኛ ይመጣሉ። ፍላጎታቸው ይገባኛል። ነገር ግን በብዙዎቹ ክላክሱ የሚታዘዘው በመኪናው ኮምፒዩተር ስለሆነ እዚያ መስመር ላይ ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ከክላክሱ ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጥገና ሊያስከትል ይችላል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሸካሚዎች ናቸውና ያልሠለጠነ ሰው ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም። ለእነዚህ መኪኖች በቤት ውስጥ ክላክስ መቀየርን አልመክርም።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የምርመራ ተቋማቱን ድምፅ መለኪያ አላቸው ወይ፣ ካላቸውስ በክላክስ ምክንያት ቦሎ የከለከሉት መኪና አለ ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ መልሱን ብታትሙልን በሙያው ላይ ላለን ሰዎች ትልቅ እገዛ ይሆነናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ