የዓመቱ የመጨረሻ ዜና

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል ዜናው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንብኛል። መጀመሪያ ርችት፣ ቀጥሎ ርችት፣ ከዚያ የአየር ትንበያ። እውነት ለመናገር ርችቱን አልጠላውም። አዲሱ ዓመት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካሉት የኪሪባስ ደሴቶች ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በቴሌቪዥን መከተል ደስ ይላል። ሲድኒ ኒውዮርክን በ16 ሰዓት ትቀድማለች! ኒውዮርክ ውስጥ ዓመቱ ሲለወጥ ከምሰሶ ላይ የሚወርደው ባለመብራት ኳስ መውረድ የጀመረው በፈረንጆቹ 1907 ነው። በ1942 እና በ1943 ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የከተማው መብራት ስለተቀነሰ ኳሱ አልወረደም። ሕዝቡ ተሰብስቦ በዝምታ ቆመ። ያንን ምሽት በቀጥታ ስርጭት ባየው እንዴት ደስ ባለኝ።

የሚያናድደኝ «የዓመቱ ዐበይት ክንውኖች» የሚባለው ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሳያልቅ ተቀርጾ ያልቃል። ዓመት ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ጉድ ማምጣት ይወዳል። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ጎርባቾቭ ሥልጣን የለቀቁት ዲሴምበር 25 ቀን 1991 ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የደረሰው ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ነው። ከ200 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በአምስተኛው ቀን አንዳንዱ ቦታ ድግሱ ተሰርዞ ሻማ በራ፤ ሌላው ቦታ ርችቱ ቀጠለ። ዜና አንባቢው ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ማቅረብ ነበረበት። ፊቱን እንዴት እንደሚያደርገው እንጃ።

ስንገናኝ አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፦ ዘንድሮ ዜናው ሳያነሳው ያለፈ፣ እናንተ ግን ያልረሳችሁት ጉዳይ። እኔ የራሴን ጽፌ አስቀምጫለሁ።