«ዘራፍ» የሚለው ቃል ዲስኩ ላይ የለም

አዲስ አበባ፣ ጥር 12

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጅህስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው እሑድ በስልክ የጀመርነውን ነገር በጽሑፍ መጨረስ መረጥኩ። ኑዛዜ አለበት፤ በስልክ ከሆነ ደግሞ ሳልጨርስ ትስቅብኛለህ።

«ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» የተባለውን ፊልም ለልጅህ በአዲሱ ዲስክ ገዝተህ፣ ፈንዲሻ አቅርበህ፣ መጋረጃ ጋርደህ አስቀመጥካት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነሥታ ሄደች። «ዘራፍ የሚለው ሰውዬ የታለ? ደብተራውስ?» ብላ ጠየቀችህ፤ አንተም ከሌላ ተረት ጋር የተምታታባት መሰለህ። ከፍቶህ የሌሎች ተመልካቾችን አስተያየት ስታነብ አመሸህ። አንዱ ከዚህ የተሻለ የቤተሰብ ፊልም አልተሠራም ይላል፣ ሌላው ምኑ እንደሚወደስ አልገባኝም ይላል። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ምን አይተን ነው እንደዚያ ያበድነው?» አልከኝ።

ልጅህ አልተምታታባትም። ከአንተ የሰማችውን ነው የጠየቀችው፤ አንተ ደግሞ የሰማኸው ከእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1986 ክረምት አክስትህ ከዋሽንግተን ስትመጣ የዚያን ፊልም ካሴት ይዛልን መጣች። በጎረቤት ዴክ ስንሞክረው ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል፣ ቀለምም የለውም። አክስትህ የተበላሸ ዕቃ አመጣሁ ብላ አዘነች። ካሴቱ ምንም አልሆነም ነበር። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምስሉን በ525 መስመር ይሠራዋል፣ የእኛ በ625፤ እዚያ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ እዚህ 50 ጊዜ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ዴክ የሌላውን ካሴት ማንበብ አይችልም። ሰፈራችን ካሴት የሚያከራየው ልጅ ግን ከጅዳ ያስመጣው፣ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክና ቴሌቪዥን ነበረው። ለአንድ ቅዳሜ አዋሰን። ገንዘብ አልፈልግም፣ ካሴቱን ልገልብጠው ብቻ አለ። የቅጂ መብት አዋጅ በአገራችን የወጣው በ1996 ነው፤ በዚያ ክረምት እንዲህ ያለ ነገር ጥፋት ነው ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ይህን ቅጂ ልብ በል፤ እመለስበታለሁ።

ዝናብ ነበር። አንተ፣ እኅትህ፣ የግቢው ልጆች በሙሉ፣ በመጨረሻም ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። ጋሼን ታስታውሳቸዋለህ፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው የገቡት። ከእኔ በቀር እንግሊዝኛ የሚያውቅ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መተርጎም ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ ሰዋስው ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቃል በቃል ልተረጉም ሞከርኩ። እናንተ ማዛጋት ጀመራችሁ። ልጅህ የተነሣችው እዚያው ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ተውኩትና ተረቱን ያዝኩት።

አባቱን በስድስት ጣታሙ መኮንን የተነጠቀው ኢኒጎ ሞንቶያ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎራዴ ሲማር ኖሮ ነፍሰ ገዳዩን ሲያገኘው የሚናገራት ንግግር አለች። በእንግሊዝኛ በጣም የተረጋጋች ናት፤ ስሙን ይናገራል፣ የአባቱን ሞት ይናገራል፣ ለሞት ተዘጋጅ ይላል። የአባቱን ደም የሚመልስ ሰው እንዲህ በትሕትና ሲናገር ጋሼ ፊት እንዴት ልተርጉመው? «ዘራፍ! የጎራዴ ሠሪው ልጅ!» አልኩና ፉከራውን ለቀቅኩት። ግቢው ለሁለት ወር ሰላም አላገኘም። ዱላ የያዘ ሁሉ የጎራዴ ሠሪው ልጅ ሆነ፤ አንተም የጎረቤት ዶሮ አሳድደህ አንድ ቀን ተገርፈሃል።

ተአምረኛ ክኒን የሚሠራውን ሽማግሌ ደብተራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ክኒኑን በቸኮሌት ሲለብጠው ማር ነው አልኳችሁ። የገበሬው ቤት ሠራተኛ ዌስትሊ ለልዕልቷ ለበተርካፕ የሚመልሳት አንዲት መልስ፣ ፍቅሩን ሁሉ የጠቀለለባት፣ በቀጥታ ብትተረጎም «እንደ ፈቃድሽ» ነበረች። እኔ «እሺ እመቤቴ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ዳቦ ግዛ ብዬ ስልክህ እንኳ መልስህ እርሷ ሆነች፤ ምን ማለት እንደሆነች እያወቅህ።

የእስር ቤቱን ማሽን ደግሞ አልተረጎምኩም። ዌስትሊን ጠረጴዛ ላይ አስረው ከዕድሜው ዓመት የሚመጥጡበትን ማለቴ ነው። «ታሞ ነው፤ እያከሙት ነው» አልኳችሁ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም።

ሰበብ የለሽም እንዳትለኝ፤ አለኝ። በፊልሙ ውስጥ አያትየው ለታመመው የልጅ ልጁ መጽሐፍ ሲያነብ እርሱም ይዘላል። ልጁ መሳሳም አልወድም ሲል ያልፈዋል፤ ኢል የሚሉት እባብ መሰል ዓሣ ልዕልቷን ሊበላት ሲል ልጁ የፈራ መስሎት ንባቡን አቋርጦ እንደማትበላ አስቀድሞ ይነግረዋል። ፊልሙ የተሠራበት፣ ዊልያም ጎልድማን በፈረንጆቹ 1973 ያሳተመው መጽሐፍማ ከዚህም ይብሳል። ሌላ ሰው የጻፈውን ረጅም ታሪክ አባቴ አሰልቺ አሰልቺውን እየዘለለ ያነብልኝ ነበር፣ እኔም ጥሩ ጥሩውን ብቻ አወጣሁላችሁ ይላል፤ ያ ሌላ ሰው ግን ከነጭራሹ የለም፣ ጎልድማን የፈጠረው ነው። አርእስቱንም ያገኘው ከሴት ልጆቹ ነው። ስለ ምን ልጻፍላችሁ ቢል አንዷ ስለ ልዕልት፣ ሌላዋ ስለ ሙሽራ አሉት፤ ሁለቱን አጋጠማቸው። ታዲያ እኔ ደብተራ ብጨምርበት ምን ይለኛል?

አሁን ወደዚያ ቅጂ ልመለስ። ካሴት አከራዩ ልጅ ገልብጦ ሰፈር ለሰፈር አከራየው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካሴቱን መልሰው የሚያማርሩበት ፊልም ሆነ። ድርጊት አለው ተብለው የተከራዩት ወሬ በዛበት አሉ፤ የፍቅር ነው ተብለው የተከራዩት ጫካው ውስጥ ያለውን ትልቅ አይጥ አይተው ሳቁ። ልጁ መጥቶ «እትዬ፣ እናንተ ቤት ያ ሁሉ ጩኸት የነበረው በዚህ ፊልም ነው?» አለኝ። አንድ ካሴት፣ አንድ ሰፈር፣ ያው ክረምት። ልዩነቱ አጠገባቸው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

በአገሩም የገጠመው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎልድማን ለፊልም የጻፈው ከአሥር ዓመት በላይ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ ነው ዳይሬክተሩ ሮብ ራይነር በፈረንጆቹ 1987 ለሲኒማ ያበቃው። ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወደ 30 ሚሊዮን ገባ። ትርፍ ይመስላል፤ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱና የማስታወቂያው ወጪ ሲቀነስ ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አይተርፍም። የገቡት ሰዎች ወደውታል፣ ሐያስያንም አመስግነውታል። ችግሩ ሰውን ማስገባት ነበር። ተረት ነው ወይስ በተረት የሚቀልድ? ለልጆች ነው ወይስ ለአዋቂ? የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው መልስ አልነበራቸውም። በዚያ ላይ አርእስቱን ሰምቶ የሚገባ ወንድ ልጅ ከየት ይመጣል!

ያዳነው ካሴት ነው። ቤት ሲገባ አርእስቱን የሚያይ አልነበረም፤ ወላጅ ይከፍተዋል፣ ልጅ ያገኘዋል፣ ደግሞ ያየዋል፣ ሲታመም ያየዋል፣ እኅቱ ፊት በቃሉ ይወጣዋል። በፈረንጆቹ 2016 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመዘግባቸው ፊልሞች ውስጥ ገባ። እኅትህ ከጊዜ በኋላ የገዛችው የ20ኛ ዓመቱ ዲቪዲ ሽፋን ደግሞ አርእስቱ ተገልብጦ ቢታይም ያው እንዲነበብ ሆኖ የተጻፈ ነበር፤ ከዲስኩ ይልቅ ሽፋኑን ሲያገላብጡ የዋሉ እንግዶች አውቃለሁ።

ያነበብክልኝን ትችት ደግሞ አልንቀውም። በተርካፕ ምንም አትሠራም የሚሉት እውነታቸውን ነው። ትጠለፋለች፣ ትጠብቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ያን ያህል ብልህ ሰው የሞላበት ተረት ውስጥ ለእርሷ ብልሃት ተነፈጋት። እኔ ስተረጉም ሁለት ሦስት ስድብ አበደርኳት፤ አሁንም ይገባታል እላለሁ። ሙዚቃው በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የተሠራ፣ ርካሽ የሚመስል ነው የሚሉትም አላጠፉም። ጫካው ውስጥ ያለው ትልቁ አይጥ ቆዳ የለበሰ ሰው መሆኑ ያስታውቃል ለሚሉት ግን መልስ አለኝ። ሰውየው አያት ነው፣ የሚያነበው ደግሞ ታሞ ለተኛ ልጅ ነው፤ አይጡ በልጁ አእምሮ ውስጥ ያለ አይጥ ነው። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ቢሆን ልጁ ሌሊት አይተኛም። አዲሱ ዲስክ ምስሉን እጅግ ስላጠራው ስፌቱ ታይቶ ይሆናል። የእኛ ካሴት ብዥታ ለአይጡ ደግ ነበረ።

የጎራዴው ፍልሚያ ላይ ግን ጥራቱ ይጠቅማል። ተዋናዮቹ ለወራት ተለማምደው፣ በግራም በቀኝም እጃቸው፣ ከአንዳንድ ግልብጥብጦሽ በቀር ራሳቸው ናቸው የተፋለሙት። ዓይኖቻቸውን ተመልከት። ግዙፉ ፌዚክ ልዕልቷን ሲቀበላት ደግሞ ፌዚክን የተጫወተው አንድሬ ጀርባው ታሞ ስለነበር እርሷን በሽቦ ይዘው አቅልለውለታል። ያን የሚያክል ሰው!

ስለ ኢኒጎ አንድ ነገር ልጨምር። እርሱን የተጫወተው ማንዲ ፓቲንኪን አባቱን በወጣትነቱ በካንሰር አጥቷል። ስድስት ጣታሙን ሲወጋ በልቡ የወጋው ያን በሽታ እንደነበረ ተናግሯል። እኔ ይህን ያነበብኩት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው። ያኔ ስፎክርበት ሰውየው እያለቀሰ እንደነበር አላየሁም፤ ፉከራዬ ሸፍኖት ይሆናል። ከበደልኳችሁ በደል ይኸኛው ነው የሚቆጨኝ።

ያን ቅዳሜ ግን አንድ ቦታ በትክክል ተርጉሜአለሁ። ደሙ ከተመለሰ በኋላ ኢኒጎ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ በበቀል ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለቆየሁ ሥራው ሲያልቅ በቀረው ዕድሜዬ ምን እንደማደርግ አላውቅም ይላል። ቀልድ ናት፤ እናንተ ፈረሶቹን ልታዩ ትጣደፋላችሁ። ጋሼ «ምን አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ደጅ ወጡ፤ ፍጻሜውን አላዩም። ሲመለሱ ለእናንተ ቆሎ ይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ካሴት ባስቀመጥንበት ሁሉ መጥተው ይቀመጡ ነበር፤ የሚጠብቁትም ያቺን ቦታ ብቻ ነው። ያ ፊልም ለልጆች ነው ወይስ ለአዋቂ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣብኝ የጋሼን ጋቢ ነው የምነግረው።

ስለዚህ ዲስኩን አትመልሰው፣ ልጅህንም አትቆጣት። እሑድ በእናንተ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አስነሣት፤ በእኔ ማታ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ እራቴን በልቼ እጠብቃለሁ። ስልኩን ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አቁምልኝ፣ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አውጣልኝ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። አማርኛዋ እንዳይከብዳት ቀስ ብዬ እናገራለሁ። ዘራፉን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ የኢኒጎ ፊት እንዲታይ። ደብተራው ግን ይቀራል፤ ቃል የገባህላት አንተ ነህ።

ማሽኑ ጋ ስንደርስ ምን እንደምላት ገና አልወሰንኩም። ዕድሜዋ ስንት ሞላ አልከኝ፣ ስምንት ነው ዘጠኝ?

እናትህ