ለእማዬ፣ ስለ ቡናውና ስለ ክኒኑ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ባሕር ዳር ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ "አያታችንን ሳሚልን" ብለዋል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። በስልክ ስለ ጤናሽ ስጠይቅሽ "ደኅና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ደኅና ሁኚልኝ" ትያለሽ። ከዚያ ወሬው ወደ ልጆቹ ይዞራል። ይህን ግን የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ታንብብልሽ።

ባለፈው ዘጌ የመጣሁ ጊዜ ስኳር ስፈልግ ሌላ ጣሳ ከፈትኩ። የደም ግፊት ክኒኖችሽ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ቆጠርኳቸው። ከወሰድሽው ያልወሰድሽው ይበልጣል። ያኔ ምንም አላልኩሽም፤ እንግዳ ነበረ፣ ቡናም ቀርቦ ነበር። ጀልባው ላይ ሆኜ ግን ያ ጣሳ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም።

ግፊትሽን የለካሁሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? ከወደቡ ዳገቱን ወጥተሽ ገና ሳታርፊ ስለካሽ 172 አለ። ደነገጥኩ። ከዚያ ጀርባሽን ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ፣ ክንድሽን በልብሽ ትክክል ትራሱ ላይ አሳርፈሽ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ። ሁለተኛው 158 በ96 ሆነ። "አየሽ፣ ወረደ!" ብለሽ ደስ አለሽ። ግን እማዬ፣ ባለሙያዎቹ ከ140 በ90 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ከፍተኛ ነው የሚሉት። 158 ገና አልወረደም።

"አያመኝም እኮ" ነው ሁልጊዜ መልስሽ።

እስቲ ስለ ቡናው ላንሣ። ልጅ ሆኜ፣ ከለቀማ በኋላ እሸቱን ቡና ደጃፉ ላይ በሰሌን እናሰጣ ነበር። የእኔ ሥራ ማገላበጥ ነው። አንድ ቀን ግን ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሐይቁ ወርጄ፣ ሰዎቹ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ሳይ ዋልኩ። በማግሥቱም ደገምኩት፤ በሦስተኛውም ቀን። ማታ ስመለስ ቡናውን ከላይ አየሁት። ምንም አልሆነም። ቀላ ያለ፣ የሚያምር ነው። "ደኅና ነው" አልኩሽ።

አልተቆጣሽኝም። ሰሌኑ አጠገብ ቁጢጥ አልሽና እጅሽን ከሥር ሰደሽ አንድ ጭብጥ አወጣሽ። ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ነጭ ሻጋታ ነበረበት። አፍንጫዬ ድረስ አቀረብሽልኝ። "ቡና ከላይ አይሻግትም" አልሽኝ። ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ጀንፈሉ ደርቆ፣ ጆሮዬ ጋ ስነቀንቀው ውስጡ እስኪንኳኳ ድረስ፣ ሳላገላብጥ ያለፈኝ ቀን የለም።

ግፊትም እንደዚያው ነው፣ እማዬ። ሳያሳምም ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። የጭንቅላት ደም ሥር ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰው ደኅና ተኝቶ አድሮ ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። እኛው ሰፈር አይተናል፤ አንቺ ራስሽ ስንት ቀን አስታመሻል። ክኒኑን ስትወስጂ ግፊቱ ይወርዳል፣ ስትተዪው ተመልሶ ይወጣል። ይህን መጀመሪያም ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳሽም። ክኒኑ የታዘዘልሽ ቀን ወረፋው ረጅም ነበር፤ ወረቀቱን ሰጡን፣ ወጣን። እኔም ለሥራዬ እቸኩል ነበር። መንገድ ላይ እንኳ ላስረዳሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

ጠዋት ቅዳሴ ነው፣ ጾም ነው ትያለሽ። ባለሙያውን ጠየቅሁልሽ። ያንቺ ክኒን በቀን አንዴ ስለሆነ ማታም ቢሆን ግድ የለም፣ ሰዓቱ ብቻ አይዛነፍ አለኝ። ጸበልሽንም ተዪ አላልኩም። ማታ ከእራት በኋላ ክኒኑን በጸበሉ ዋጪው።

ጨውን ግን እንነጋገርበት። ቡናሽን በጨው ነው የምትወጂው፤ አያቴም እንዲሁ ነበር የምትጠጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ያውም የሽሮው፣ የበርበሬው፣ የዳቦው ሁሉ ተደምሮ ነው። ቡናው ድርሻውን ከወሰደ ለወጡ ምን ቀረ? እስቲ አንድ ሳምንት ጨው ሳትጨምሪ ሞክሪልኝ። ጤና አዳም ጣል ቢደረግበትስ? ጓሮሽ ሞልቶልሻል።

እኔም ተለካሁ። 134 በ86 ነው። ክኒን አልታዘዘልኝም፤ ግን ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ ተብያለሁ። ከሥራ በፊት በሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ማለዳ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አያለሁ። ወዲያ ማዶ አንቺ ተነሥተሽ ደጁን እየጠረግሽ ይሆናል እያልኩ እጓዛለሁ።

ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ፤ መለኪያውንም ይዣለሁ። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ ስለዚህ እስክደርስ ጠብቂኝ። መጀመሪያ እንለካለን፤ ከዚያ ቡናው ይፈላል። ጣሳውን ግን ዛሬውኑ ከመደርደሪያው አውርጂና ከጸበሉ ጠርሙስ አጠገብ አስቀምጪው። የዛሬውን ማታ እንዳትዘይው፣ እማዬ።

ልጅሽ
ከባሕር ዳር