የዶልፊን ማጓጓዣ ታንክ ለጠየቃችሁን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

በጅቡቲ መስመር የምትሠሩ አንዳንዶቻችሁ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ አምጥታችሁልናል። «የዓሣ ጫጩት የሚጫንበትን ታንክ ትሠራላችሁ፤ እሱኑ ተለቅ አድርጋችሁ ለዶልፊን ብትሠሩት ምን ችግር አለው?» ትላላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምንመልስ ሰብሰብ አድርገን ብንጽፈው ይሻላል ብለናል።

መሥራቱን እንሠራለን። የዓሣውን ታንክ በማሳደግ ግን አይሆንም። ዓሣ ኦክስጅኑን ከውሃው ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን እንነፋለን፣ ክዳኑን እንዘጋለን፣ መኪናው ይሄዳል። ዶልፊንና ዱጎንግ (የባሕር ሣር የሚግጠው ትልቅ የባሕር እንስሳ) ግን አጥቢዎች ናቸው። እንደ እኛ በሳንባ ይተነፍሳሉ፣ ደማቸውም ሞቃት ነው። ውሃው ውስጥ የምንነፋው ኦክስጅን ምንም አይጠቅማቸውም፤ የተዘጋ ክዳን ደግሞ ያፍናቸዋል። (በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ግዙፉ ዌል ሻርክ ዓሣ ስለሆነ ይህ ደብዳቤ እሱን አይመለከትም።)

«አየር ከተነፈሰ ታዲያ ውሃው ለምን አስፈለገ?» ያላችሁንም አልረሳንም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሕር ውስጥ የእንስሳውን ክብደት የሚሸከመው ውሃው ነው። ደረቅ ወለል ላይ ሲተኛ ከ150 እስከ 300 ኪሎ የሚደርሰው የገዛ አካሉ ሳንባውንና ጡንቻውን ይጫነዋል። በዚያ ላይ ከቆዳው ሥር ወፍራም የስብ ንጣፍ አለው። ንጣፉ ባሕር ውስጥ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፤ የብስ ላይ ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዝበታል። ትርፍ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስወጣው በክንፎቹና በጅራቱ ስለሆነ እነሱ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለባቸው። የድሬን የሰኔ ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ጅቡቲ ደግሞ ሐምሌ ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያለ ጥላ፣ ያለ በረዶና ያለ ውሃ መርጫ አንድ ሰዓት እንኳ መጓዝ አይታሰብም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሣጥኑ ሳይሆን ከቃሬዛው ነው። እንስሳው በጠንካራ ሸራ ቃሬዛ ላይ ይተኛል። ሸራው ለጎን ክንፎቹ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ዓይኑንም አይጫንም። ቃሬዛው ከታንኩ በላይ ካለው የብረት ፍሬም ላይ ይንጠለጠላል። ውሃው የሰውነቱን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል፤ ራሱ ላይ ያለው የመተንፈሻ ቀዳዳ ግን ምንጊዜም ከውሃው በላይ ነው። የታንኩን ርዝመትና ስፋት የምንወስነው እንስሳው ከተለካ በኋላ ነው። «በግምት ሥሩልኝ» የሚል ትዕዛዝ አንቀበልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ ውሃው መናጥ። ቦቴ የምትነዱ ሰዎች ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርዱ ግማሹ የጎደለ ቦቴ እንዴት እንደሚገፋ አይታችኋል። ለውሃ ቦቴ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውስጡን ቀዳዳ ባላቸው ላሜራዎች እንከፋፍለዋለን። እዚህ ግን መከፋፈያ አይገባም። የላሜራው ጠርዝ እንስሳውን ይቆርጠዋል፣ ቦታም ይወስድበታል።

3 ሜትር ርዝመት ያለው ታንክ እናስብ። ሹፌሩ ጠንከር አድርጎ ፍሬን ይዞ መኪናው በመሬት ስበት ሦስት አሥረኛ መጠን ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ ውሃው በፊት በኩል 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ በኋላ በኩል በዚያው ልክ ይጎድላል። ይህ የማዕበሉን ምት ሳይጨምር ነው። ራሱ በፊት በኩል ከሆነ የመተንፈሻ ቀዳዳው ተዋጠ ማለት ነው። በ100 ሜትር 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይም፣ መኪናው ቆሞ እንኳ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል 24 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ ታንኩን ጠባብ እናደርገዋለን። ግድግዳውን ከውሃው የላይኛው ገጽ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ እናደርጋለን። በሰውነቱና በግድግዳው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ውሃ በማይመጥ ወፍራም ስፖንጅ እንሞላለን። የቀረው የሹፌሩ እግር ነው። ቀስ ብሎ የማይነዳ ሹፌር ካላችሁ ሹፌሩን ቀይሩ፤ ይህን ከልባችን ነው የምንላችሁ።

ክብደቱንም አትናቁት። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የባሕር ውሃው ብቻውን 2.5 ቶን ይጠጋል። ውሃው ረጅሙን ጎን የሚገፋበት ኃይል፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ 1 ቶን ይጠጋል። ትልቁ ጫና ያለው ከታች ስለሆነ የማጠናከሪያ ብረቱን ወደ ታች እናበዛዋለን። በረዶውና አብረው የሚሄዱት ባለሙያዎች ሲጨመሩ ትንሿ አይሱዙ አትችለውም። ትልቁን አይሱዙ፣ ኤፍኤስአሩን፣ አምጡ።

ብረቱን በተመለከተ፣ ጥቁር ላሜራ በጨው ውሃ ቶሎ ይበላል። ለወተት ታንክ የምንመርጠው 304 ስቴንለስም ጨው ይበሳዋል። 316 የሚባለው ስቴንለስ ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ስላለው ይሻላል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ፋይበር ግላስም ጥሩ ነው። የብየዳው መስመር በሙሉ በእጅ ሲዳሰስ እስኪለሰልስ ይሞረዳል። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አፍ ደግሞ ጭሱ ወደ ታንኩ እንዳይመለስ አድርገን እናዞረዋለን።

ሥራው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ኬይኮ የተባለው ኦርካ (ትልቁ የዶልፊን ዝርያ) ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ አሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላን ተጓጉዟል፤ ክብደቱ ከ3 ቶን በላይ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ቤሉጋዎች (ነጭ ዓሣ ነባሪዎች) ከሻንጋይ ወደ አይስላንድ ሄደዋል። በሁለቱም ጉዞ የእንስሳት ሐኪሞችና ተንከባካቢዎች አብረው ነበሩ።

እኛም የምናስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ ይኸው ነው። የባሕር አጥቢ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ንድፉን አይቶ ሳይፈርም ብረት አንቆርጥም። ዓሣ ነባሪዎች፣ ዶልፊኖችና ዱጎንግ በሙሉ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሕክምና ወይም ነፍስ ለማዳን ከሆነ በራችን ክፍት ነው። ጤነኛ እንስሳ ከባሕር አውጥቶ ለትርዒት ለማቅረብ ከሆነ ግን በየትኛውም ዋጋ አንሠራም። ገንዘቡ ሳያስፈልገን ቀርቶ አይደለም፤ እንዲህ ያለ እንስሳ በእኛ ሣጥን ሲሰቃይ ማየት ስለማንፈልግ ነው።

ደግሞም ሁልጊዜ ማጓጓዝ መልስ አይሆንም። ዳር ላይ የወደቀ ዶልፊን ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ባለሙያ ጥሩ። እስኪደርስ ጥላ ሥሩለት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ የመተንፈሻ ቀዳዳውን አትሸፍኑ፣ ውሃም አታስገቡበት። በጅራቱ በፍጹም አትጎትቱት።

ማዘዝ የምትፈልጉ የእንስሳውን ርዝመትና ክብደት፣ የሐኪሙን ደብዳቤ፣ የጉዞውን መስመርና የመኪናውን ሊብሬ ቅጂ ይዛችሁ ወደ ወርክሾፑ ኑ። ዋጋ የምንነግራችሁ እነዚህን ካየን በኋላ ነው። የውሃና የወተት ቦቴ ያዘዛችሁ ደግሞ አትስጉ፤ ቀጠሯችሁ እንዳለ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የታንክና የቦቴ ሥራ ወርክሾፕ
ድሬዳዋ