ቲዎሪሽን አነበብኩት

ይድረስ ለልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ትምህርቱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ብርድ እንደምታውቂው ነው፣ እናትሽ ከጋቢዋ አልተላቀቀችም። ወንድምሽ ለፈተና እያጠና ነው ይባላል። ሲያጠና ግን በዓይኔ አላየሁም።

ፎልአውት ስለሚባለው የኮምፒዩተር ጌም ቲዎሪሽን የጻፍሽበትን የቪዲዮ ስክሪፕት ፒያሳ ወስጄ አሳተምኩትና በእስክሪብቶ እያሰመርኩ አነበብኩት። የሥራ አመል ነው። ዕድሜውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ወረቀት ካልጨበጠ ያነበበ አይመስለውም። «አባ፣ ሳትራራ ንገረኝ» ብለሻል። እሺ፣ አልራራም።

ከምስጋናው ልጀምር። ፎልአውትን በሕይወቱ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው እንኳ አንቺ የጻፍሽው ይገባዋል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 23 ቀን 2077 ዓለም በሁለት ሰዓት ውስጥ በኒውክሌር ይጋያል፣ የተረፈው ሰው ደግሞ ፍርስራሽ ላይ ኑሮ ይጀምራል። ይህን በሦስት መስመር ጨርሰሽ ወደ ጉዳዩ ገብተሻል። ጎበዝ። ብዙ ጠበቃ ይህን አይችልም።

አሁን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ። ገጽ ሁለት ላይ፣ ቮልቶቹ፣ እነዚያ የመሬት ውስጥ መጠለያዎች፣ የሰው መሞከሪያ መሆናቸው «ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደበቀ ዕቅድ ነው» ብለሻል። ይቺን ሰርዢያት። በፈረንጆቹ 1997 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ቮልት ማለት መጠለያ ነው። የቮልት 13 ውሃ ማጣሪያ ቺፕ ይበላሻል፣ አንቺ ሌላ ፍለጋ ትላኪያለሽ፣ 150 ቀን ይሰጥሻል። በቃ። ቮልቶቹ ሰውን ለማዳን ሳይሆን ለሙከራ ነው የተሠሩት የሚለው በግልጽ የመጣው በዓመቱ፣ በሁለተኛው ጌም ነው። ሁለተኛው መጣና ለመጀመሪያው አዲስ ትርጉም ሰጠው። እኛ ጋ ምስክር እንዲህ ሲያደርግ «ቃሉን አሻሻለ» ይባላል። ወንጀል አይደለም፣ ግን የመጀመሪያውን ቃል ተክቶ መዝገብ ላይ አይቀመጥም፤ ሁለቱም ከነቀናቸው ይቀመጣሉ።

የሁሉም ቲዎሪዎች ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ከጀርባ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉን ያቀደ አድርገው ነው የሚያስቡት። የመጀመሪያውን ኢንተርፕሌይ የሚባል ኩባንያ ሠራው። በ2007 ቤተስዳ የሚባል ሌላ ኩባንያ ሙሉ መብቱን ገዛና በዓመቱ ሦስተኛውን አወጣ። በ2010 ኒው ቬጋስ የተባለውን ጌም የሠራው ደግሞ ኦብሲዲያን ነው፣ ከድሮዎቹ ሠሪዎች የተወሰኑት እዚያ ነበሩ። በስንት እጅ ያለፈ መዝገብ ነው። ገጽ 10 ላይ ያለው ነገር ገጽ 90 ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ሁልጊዜ ምስጢር አለ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ጸሐፊው ተቀይሯል ማለት ብቻ ነው።

ስለ ቮልት ቦይ፣ ስለ ጌሙ መለያ ሥዕል፣ አውራ ጣት የጻፍሽውን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኔም አምኜው ነበር። ያ ባለ ወርቃማ ፀጉር ልጅ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን የሚያነሳው «አይዞን» ለማለት ሳይሆን የቦምቡን ደመና ለመለካት ነው የሚለው። ደመናው ከጣትሽ ከበለጠ አለቀልሽ፣ ካነሰ ሩጪ። በጣም ያምራል። ግን ሥዕሉን ከሠሩት አንዱ፣ ትራሜል አይዛክ፣ ቮልት ቦይ ቀና መንፈስ ያለው ልጅ ከመሆን ውጪ ሌላ ነገር እንደሌለው ተናግሯል። መዝገቡ እዚህ ይዘጋ ነበር። ከዚያ በ2024 ከጌሙ የተሠራው ተከታታይ ፊልም መጣና ይህንኑ የአድናቂዎች ወሬ አንስቶ መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ከተተው። ተዋናዩ አባት ለትንሽ ልጁ የጣቱን ነገር ያስተምራታል። ቦምቡ ሲፈነዳ ልጅቱ በአንተ ጣት ነው የምንለካው ወይስ በእኔ ብላ ትጠይቀዋለች።

አንቺ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል! እኔ እዚያ ላይ ፊልሙን አስቁሜ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ለአንቺ ዕድሜ ቲዎሪ ነው፣ ለእኔ ዕድሜ ሌላ ነገር ነው። ለማንኛውም ለቪዲዮሽ ምርጡ ነጥብ ይኸው ነው፦ ሐሰት የነበረ ቲዎሪ፣ ሰው ስለወደደው ብቻ፣ በኋላ እውነት ሆነ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ።

ዋናው ክርክርሽ «መጀመሪያ የተኮሰው ማነው» ነው። አንቺ ቮልቶቹን የሠራው ኩባንያ፣ ቮልት-ቴክ፣ ነው ትያለሽ። ማስረጃሽ የተከታታዩ የመጀመሪያ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የኩባንያ አለቆች ተሰብስበው ቦምቡን ራሳችን ብንጥለውስ የሚባባሉበት ትዕይንት ነው። ስብሰባ ግን ስብሰባ ነው። ሰው ያቀደውን ሁሉ ቢያደርግ ኖሮ የኮምቦልቻ መንገድ ዛሬ ሐረጎን ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር።

ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አለኝ። በዚያ ስብሰባ ላይ ሮበርት ሃውስ፣ የላስ ቬጋሱ ባለሀብት፣ ተቀምጧል አይደል? ኒው ቬጋስ ውስጥ ያው ሃውስ ራሱ ምን ይላል? በ2065 ስሌት ሠርቶ ጦርነቱ በ15 ዓመት ውስጥ እንደሚመጣ አውቋል። ላስ ቬጋስን ለማዳን መከላከያ ሠርቷል። 77 ሚሳይል ተተኮሰበት፣ 59ኙን በኮምፒዩተር አከሸፈ፣ 9 በሌዘር መታ፣ የቀሩት ከከተማው ዳር ዳር ወደቁ። ሁሉንም ለማስቆም የሚያስፈልገው የፕላቲነም ቺፕ ሊደርሰው 20 ሰዓት ሲቀረው ነው ዓለም ያበቃው። ታዲያ ቀኑን የሚቆርጡት ሰዎች አብረውት ጠረጴዛ ላይ ከነበሩ፣ ሃውስ ለምን በ20 ሰዓት ይቀደማል? ወይ ከድተውታል፣ ወይ ሌላ ሰው ቀድሟቸዋል፣ ወይ ሁለቱ ጸሐፊዎች አልተነጋገሩም። ሦስቱንም አስቀምጪና አንዱን ምረጪ። ይህን ጥያቄ ሳትመልሺ ብትለቂው ከኮሜንት ጸሐፊዎቹ አንዱ በሁለት ደቂቃ ያፈርስሻል። ያን ልጅ ከምታገኚው እኔን ማግኘትሽ ይሻላል።

እውነቱን ልንገርሽና ይህ «ማን ተኮሰ» የሚለው ጥያቄ ብዙም አያጓጓኝም። እኛ እዚህ ደሴ ላይ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን የጣለውን ቦምብ አያትሽ ሲያወሩ ሰምተሻል። ሦስት ሽማግሌ ብትጠይቂ ጃንሆይን ሦስት ቦታ ያቆሙልሻል። ፎቶው ግን አለ፤ ባልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ቆመዋል። ትልቁ ነገር ከነሰነዱ ይተርፋል። የሚጠፋው ያን ቀን እሳት ላይ ድስት ጥዳ የነበረችው ሴት ናት። ፎልአውት ደግሞ ጎበዝ የሆነው በዚች ሴት ላይ ነው።

ለዚህ ነው ኒው ቬጋስ ውስጥ ያለውን ቮልት 11ን ለብቻው ቪዲዮ አድርጊው የምልሽ። አንቺ «ሌሎች ቮልቶች» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ጋሪ ከሚባለው ተባዝቶ ከተሠራ ሰውና ከአሻንጉሊቶች ጋር ብቻውን ከተዘጋበት ሰውዬ ጎን አራግፈሽዋል። እኔና ወንድምሽ ሦስት ምሽት የፈጀንበት ነው። እሱ ይተኩሳል፣ እኔ አነባለሁ። «አባ፣ ቶሎ በል፣ አይጥ መጣ» ይለኛል፣ እኔ «ቆይ፣ ይችን ገጽ ልጨርስ» እለዋለሁ።

ስትገቢ ግድግዳው ሁሉ የምርጫ ፖስተር ነው። መጀመሪያ የተለመደ ነገር ይመስላል። ጠጋ ብለሽ ስታነቢ ግን የአንዱን ሰውዬ ነውር ይዘረዝርና መጨረሻ ላይ «እሱን ምረጡ» ይላል። ምን ዓይነት ቅስቀሳ ነው ትያለሽ። ቀስ በቀስ ከኮምፒዩተሮቹ ላይ ይወጣልሻል። በየዓመቱ አንድ ሰው መሥዋዕት ካላደረጋችሁ ሁላችሁም ታልቃላችሁ ተብለዋል። የሚመረጠው ኃላፊ ራሱ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ሰው የሚለምነው እንዳትመርጡኝ ብሎ ነው። ቡድን ተፈጠረ፣ ባሏን ለማትረፍ ብላ ነውር የሠራች ሴት ተከዳች፣ እሷም ገደለች፣ ተመረጠች። ኃላፊ እንደሆነች የመጀመሪያ ትእዛዟ ከእንግዲህ ሟቹ በኮምፒዩተር ዕጣ ይለይ የሚል ነው። ቡድኑ ሥልጣኑ ስለቀረበት መሣሪያ አነሳ። ተላለቁ።

አምስት ሰው ሲቀር «በቃን፣ ከዚህ በኋላ ማንንም አንሰጥም» አሉ። ማሽኑ ምን አለ? እንኳን ደስ አላችሁ። ፈተናው ይኸው ነበር፣ እምቢ ማለታችሁ የሰው ልጅ ምሳሌ ያደርጋችኋል፣ በሩ ክፍት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት እምቢ ብለው ቢሆን ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር። መውጫው በር አጠገብ የተገኘው ቅጂ ላይ የእነዚያ የአምስቱ ድምፅ አለ። ይህን ለውጪው ሰው እንንገር ወይስ አንንገር እያሉ ነው። ከዚያ ተኩስ ይሰማል።

ልብ በይ፣ እዚያ ውስጥ አንድም ሰው ይህን ታሪክ አይተርክልሽም። ፖስተር አለ፣ የቢሮ ማስታወሻ አለ፣ የድምፅ ቅጂ አለ፣ አጥንት አለ። ገጣጥሚ ነው የሚልሽ። እኔ ይህን ዕድሜ ልኬን ሳደርገው ኖሬያለሁ። እንዲህ ሆኖ የተሠራ መዝገብ ግን አይቼ አላውቅም።

አንቺም ይህን መገጣጠም የጀመርሽው ከጌም በፊት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 በጦርነቱ ከተፈናቀልንበት ስንመለስ ታስታውሺያለሽ። አስረኛ ክፍል ነበርሽ። የበሩ ቁልፍ ተሰብሯል፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ሻማ በሒሳብ ደብተርሽ ሽፋን ላይ ቀልጦ ደርቋል። እናትሽ ቆማ ስታለቅስ አንቺ መሬት ቁጭ ብለሽ ደብተሩን ትገልጪ ነበር። አብዛኛው ገጽ ለእሳት ማያያዣ ተቀዷል። አንድ ገጽ ላይ ግን አንቺ ጀምረሽ የተውሽውን ጥያቄ በማናውቀው እጅ፣ በእርሳስ፣ ሰው ጨርሶት ነበር። መልሱም ልክ ነው። አንቺ ወዲያው «ተማሪ ነበረ፣ ታሞም ነበር» አልሽ፤ ጠረጴዛው ላይ ባዶ የኪኒን ቅጠል አይተሻል። ተማሪ የሚለውን እኔም እቀበላለሁ። ኪኒኑ ግን የእናትሽ የጨጓራ መድኃኒት ነበር፣ ከመሄዳችን በፊት የጨረሰችው። እስክሪፕትሽ ላይ ቀይ ያሰመርኩባቸው ቦታዎች ሁሉ እንደዚያ ኪኒን ናቸው። እርሳሱን ያየው ዓይንሽ ግን ያው ነው፣ እሱን አላሰመርኩበትም።

ስለዚህ የምልሽ፦ ቪዲዮውን ለሁለት ክፈዪው። የቮልት 11ን አስቀድሚ። የሃውስን ጥያቄ መልሰሽ ስትጨርሺ «ማን ተኮሰ»ን ልቀቂ። ድምፅ ስትቀጂ ደግሞ ረጋ በይ፣ ባለፈው ቪዲዮሽ ላይ ታክሲ የሚያመልጥሽ ነበር የምትመስይው። ለማይክራፎኑ ያልሽው ብር ሰኞ ይገባልሻል። ለእናትሽ ለመጽሐፍ ነው ብያታለሁ፣ አደራ።

በሶና በርበሬ ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ተልኮልሻል። ሹፌሩ ይደውልልሻል፣ ስልክሽን እንዳትዘጊ። አብሽሪ፣ ዱዓችን ከአንቺ ጋር ነው።

አባትሽ

ይድረስ ተጨማሪ፦ ወንድምሽ «የፎልአውት 4 ተጫዋች ራሱ ሲንት ነው፣ ሰው መሳይ ማሽን ነው፣ ለምን ይህን አልጨመረችም?» እያለ ያስቸግረኛል። ማስረጃው በጌሙ ተጨማሪ ክፍል በፋር ሃርበር ላይ ዲማ የሚባለው ሲንት የመጀመሪያ ትዝታህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ ነው። ጥያቄ ማስረጃ አይሆንም ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም። አሁን ጓዳ ገብቶ እናትሽን የመጀመሪያ ትዝታዋን እየጠየቃት ነው። እሷ በሶ እየቋጠረች ስለሆነ ሂድና አጥና ብላዋለች።